የሄሊኮፕተሩ ትልም

ግመሉ ጆሮውን ሲያቆም ናፊሳ ክው አለች። ገመዱ ከግመሉ ትከሻ ተነስቶ፣ በአግዳሚው እንጨት ላይ አልፎ ወደ ጉድጓዱ ይወርዳል። ጫፉ ላይ ባሏ አሊዪ ታስሯል፤ ገና ግማሽ ላይ ነው።

በዚያ የድርቅ ዓመት ከሸዋ ሮቢት በታች ያለው ሰው ሁሉ የወንዙን ዳር ይቆፍር ነበር። የቀበሌው ሊቀመንበር በስብሰባ ላይ «ሄሊኮፕተር ይመጣል፤ ከሥሩ የተንጠለጠለው ትልቅ ቀለበት መሬት ውስጥ ያለውን ውሃ ይፈልጋል። ማንንም አይነካም» ብሎ ነበር። ስለ ግመል የጠየቀም የመለሰም አልነበረም።

ዛሬ ሄሊኮፕተሩ ከጠዋት ጀምሮ ሜዳውን እንደሚያርስ ሰው ተመላለሰበት። ሄዶ ይዞራል፣ ከቀድሞው ትልም ጎን ሌላ ትልም ይዞ ይመለሳል። ባለፈው ምልልሱ የጎረቤቷን የሩቂያን ማሳ ታኮ ሲያልፍ ግመሉ ሊፈረጥጥ ምንም አልቀረው። የሚቀጥለው ትልም በጉድጓዱ ላይ መሆኑ ስለገባት ነው አሊዪን ቶሎ ልታወጣው የጀመረችው። ጊዜ ያላት መስሏት ነበር።

ሄሊኮፕተሩ ግን ዞሯል። መሳቡን ብትቀጥል፣ ግመሉ ደንብሮ ባሏን ከአግዳሚው ጋር ያላትመዋል። መልሳ ብታወርደው ደግሞ የጉድጓዱ ልል አሸዋ ተንዶ ሊቀብረው ይችላል። እንዲህ ፈርታ አታውቅም።

ግመሉን አዙራ ወደ ጉድጓዱ መራችው፤ አሊዪ መልሶ መውረድ ጀመረ።

«ምን ነካሽ ናፊሳ? አውጪኝ እንጂ፣ አፈሩ እየተናደ ነው» አለ አሊዪ ከታች።

«ትንሽ ታገስ፣ በአላህ» አለችው። ድምፅዋ በጩኸቱ ተዋጠ።

አሊዪ ታች ደርሶ ገመዱ ሲላላ፣ ግመሉ ላይ ያለውን ቋጠሮ በጥርሷ ፈታችው። ግመሉ በግራሮቹ መካከል ተፈተለከ። የገመዱን ጫፍ ጨብጣ በጉድጓዱ አፋፍ ላይ በሆዷ ተኛች። የቀለበቱ ጥላ ከላይዋ አለፈ፣ አቧራው ዓይኗን ሞላው፤ ከታች አንድ ነገር ሲናድ ሰማች።

ከዚያ ጸጥ አለ። ልትጠራው አፏን ከፈተች። ባይመልስስ? እስካልጠራችው ድረስ በሕይወት አለ። ገመዱን ሳብ አደረገችው፤ ከታች ያዘ። አሸዋም ቢሆን ገመድ ይይዛል። አላላችውና ጠበቀች።

ገመዱ ከታች ተሳበ፤ በጣም በቀስታ።

ናፊሳ ዙሪያዋን አየች። ግመሉ የለም፤ በየጉድጓዱ የነበረው ሰውም ሸሽቷል። ገመዱን ወገቧ ላይ ጠመጠመችና የግመሉን ዱካ እየረገጠች መሳብ ጀመረች።