«ማንዴ» አይባልም

ስፓኒሽን ከእናቴ ጡት ጋር ነው የጠባሁት። አስረኛ ክፍል ገብቼ የሁለተኛ ዓመት ስፓኒሽ ስማር ግን እየወደቅሁበት ነበር። እንዲህ ያለ ችሎታ ለሁሉ አይሰጥም።

አስተማሪያችን ሚስተር ሃውገን የአይዳሆ ግዛት ሰው ናቸው። አንድ ክረምት ማድሪድ ከርመው ስለመጡ፣ ቋንቋውን ከነካርታው ተረክበው ተመልሰዋል። እኛ ቤት የሚነገረውን ስፓኒሽ ሁሉ በቀይ እስክሪብቶ ያሰምሩበታል። አጠገቤ የሚቀመጠው ኮልተን በሁለት ዓመት ውስጥ «መጸዳጃ ቤት የት ነው?» ከማለት ሌላ የተማረው የለም፤ ዘጠና አራት አለው። እኔ ስልሳ አንድ።

ስልሳ አንድ ደግሞ ቀልድ አይደለም። ነርስ መሆን እፈልጋለሁ፤ ልገባበት የምመኘው ዩኒቨርሲቲ ሁለት ዓመት «የውጭ ቋንቋ» ያላለፈ ተማሪ ማመልከቻውን አያይለትም። የቀረችኝ የመጨረሻዋ የቃል ፈተና ብቻ ነበረች፤ ከቤተሰብ አንድ ሰው አምጥቶ ክፍሉ ፊት በስፓኒሽ ማናገር።

አባቴ ሲልቬሪዮ ከሚሠራበት የላሞች እርባታ ፈቃድ ጠይቆ መጣ። ሸሚዙን ራሱ ተኩሷል። ባርኔጣውን ገና ከበሩ አውልቆ በሁለት እጁ ይዟል።

«ሴኞር ሳሙዲዮ!» ብለው ጠሩት ሚስተር ሃውገን።

አባቴ ብድግ አለ። «ማንዴ፣ መምህር?»

«ማንዴ» እኛ ዘንድ «አቤት» ማለት ነው። «ኬ?» ደግሞ «ምን?» ነው። ትልቅ ሰው ጠርቶት «ኬ?» የሚል ልጅ ጥርሱን ጠልቶታል ማለት ነው። እኔ በአምስት ዓመቴ አንዴ ሞክሬዋለሁ፤ መድገም አላስፈለገኝም።

ሚስተር ሃውገን በርኅራኄ ፈገግ አሉ። «ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ "ማንዴ" የሎሌ አነጋገር ነው። እዚህ ጌታና ሎሌ የለም። "ኬ" ነው የሚባለው፤ ምዕራፍ ሦስት ላይ አለልዎት።» ወደ እኔ ዞሩ። «ያሬትሲ፣ እስቲ አባትሽን አርሚያቸው። ይሄ ራሱ ነጥብ አለው።»

ጌታና ሎሌ በሌለበት ክፍል ውስጥ አባቴ ባርኔጣውን ይዞ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር። ኮልተን ሳቁን በእጁ አፈነ። ስልሳ አንድን አሰብኩ።

«አባዬ... "ኬ" ነው የሚባለው» አልኩት።

«እሺ የኔ ልጅ።» ወደ አስተማሪው ዞረ። «ይቅርታ፣ መምህር። እኛ የገጠር ሰዎች ነን፤ ያስተማረን የለም።»

ዘጠና ስድስት አገኘሁ። ሚስተር ሃውገን ከማርኬ ሥር «አባትሽ ግሩም ሰው ናቸው፤ ቶሎ ይገባቸዋል» ብለው ጻፉ። አባቴ ወረቀቱን እንግዳ ሁሉ እንዲያየው ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፈው።

በነጋታው ጠዋት ቁልፌ ጠፍቶኝ ከጓዳ «አባዬ!» ብዬ ተጣራሁ። በረንዳው ላይ ቦት ጫማውን እያሰረ ነበር። «ማን...» ብሎ ጀመረና ተወው። ቃሉን ሲፈልግ ታወቀኝ።

«ኬ?» አለ። ከዚያ አንገቱን በበሩ ብቅ አድርጎ፣ «ልክ አልኩት እንዴ?» ሲል ጠየቀኝ። ያሾፈብኝ መስሎኝ ፊቱን አየሁት፤ የምሩን ነው።

ምነው በጥፊ ባለኝ ብዬ ተመኘሁ። «ልክ ነው፣ አባዬ» አልኩት። ምን ልበል? ባለ ዘጠና ስድስቷ እኔ ነኝ።