የሀጂ ሀሰኖ ካራ

ኡዘይር ቡራዩ ውስጥ፣ አምቦ መንገድ ዳር፣ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ አለው። ሲሚንቶ፣ ሚስማር፣ ቆርቆሮ ይሸጣል። ዕቃው ጠዋት ይገባል፣ ማታ ይወጣል፤ በሃያ ዓመት ውስጥ ሱቁ ውስጥ የከረመ ነገር ቢኖር የዛገው ብቻ ነው። ምናልባት ለዚህ ይሆናል ቤቱ ውስጥ የማይወጣ ነገር ማኖር የጀመረው። ሳሎኑ ውስጥ ባሠራው ባለ መስታወት ቁም ሳጥን አሥራ ዘጠኝ የእጅ ሰዓትና ሃያ ሦስት ቢላ አለ።

ጁምዓ ሰግዶ ሲመለስ ሰዓቶቹን አንድ በአንድ ይሞላል፤ ጆሮው ላይ አስጠግቶ ያዳምጣቸዋል። አንዱ የአውቶቡስ ሹፌር፣ አንዱ የጡረተኛ መምህር ነበር፤ የሁሉንም ባለቤት ታሪክ በቃሉ ያውቃል። ቢላዎቹን በጨርቅ ወልውሎ ዘይት ይቀባል። በዚያች ሰዓት ደስተኛ ሰው ነው፤ ይህን መካድ አይቻልም። ሂሳቡ የሚወራረደው ሌላ ቦታ ነው። ሱሉልታ አንድ ሽማግሌ አሮጌ ሰዓት አላቸው ከተባለ እሁዱ ሱሉልታ ያልቃል፤ ሰበታ ቢላ ተገኘ ከተባለም እንደዚያው። ልጆቹ ከአባታቸው ጋር የዋሉበትን እሁድ ለማስታወስ ይቸገራሉ። ሚስቱ ሰዓዲያ ሽንኩርት የምትከትፈው እጀታው በተሰበረ ቢላ ነው፤ እሱም ሲጠፋ ከጎረቤቷ ከዱርሲቱ ትዋሳለች። ሃያ ሦስት ቢላ ያለበት ቤት ቢላ ይዋሳል እያለች ትስቅበት ነበር። አሁን አሁን ሳቁን ትታዋለች።

ከሁሉም የሚሳሳለት አንድ ካራ አለ፤ የአባቱ የሀጂ ሀሰኖ ነው። ሀጂ ሀሰኖ ስልጤ አገር ባለው መንደራቸው አርባ ዓመት ሙሉ የአረፋን በግ ለዘመድ ለጎረቤት ያረዱት በዚህ ካራ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ዓይናቸው ሲደክም ለበኩር ልጃቸው ሰጡትና ከእንግዲህ የቤቱን እርድ የምታርደው አንተ ነህ አሉት። ኡዘይር ተቀብሎ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ሰቀለው። ሰበታ ያለ እንደሱው ቢላ የሚሰበስብ ሰው፣ ስለቱ ላይ ያለውን የቀጥቃጩን ምልክት አይቶ፣ ሞረድ ከነካው አለቀለት ብሎት ነበር። ከዚያ ወዲህ ካራው ዘይት እንጂ ደም አላየም። አረፋ ሲመጣ ባለ ሥጋ ቤቱ ከድሩ መጥቶ ያርዳል። ሀጂ ሀሰኖ ደውለው አረዳችሁ ወይ ሲሉ ኡዘይር አርደናል አባባ ይላል፤ የከድሩን ስም አያነሳም።

ዘንድሮ ሀጂ ሀሰኖ ዓይናቸውን ሊታከሙ መጥተው አረፋ ቡራዩ ላይ ያዛቸው። ልጄ በካራዬ ሲያርድ አጠገቡ እቆማለሁ፣ ባላይ እንኳ እሰማለሁ አሉ። ከበዓሉ ከዚህ ሌላ የፈለጉት ነገር አልነበረም።

ኡዘይር ሦስት ቀን አሰበ። ካራው ደንዟል፤ ካልተሳለ አያርድም፤ ከተሳለ ምልክቱ ይጠፋል። በመጨረሻ ሰፈሩ ያለ ብረት ሥራ ቤት ሄደና በርዝመቱም በክብደቱም ካራውን የሚመስል አዲስ ከመኪና ባሌስትራ አሠራ። የቀንድ እጀታም አስገባለት። ሰዓዲያ ስታየው፣ እኚህን ሽማግሌ ልታታልል ነው ወይ አለችው። ለአንድ ቀን ነው፣ ማንም አይጎዳም አላት።

ከዒድ ሶላት እንደተመለሱ በጉ ግቢው ውስጥ ፊቱ ወደ ቂብላ ዞሮ ተጋደመ። ሀጂ ሀሰኖ ካራውን አምጣው ብለው እጃቸውን ዘረጉ። እጀታውን ጨበጡት። አውራ ጣታቸው አርባ ዓመት ያረፈበትን ስርጉድ ፈለገ፤ አላገኘም። ከዚያ ስለቱን በጥፍራቸው ሞከሩትና ደህና ነው ብለው መለሱለት። ኡዘይር ቢስሚላሂ አላሁ አክበር ብሎ አረደ። አንዴ ነው የሳበው፣ በጉም አልተሰቃየም። ቀና ሲል ልቡ ሞልቶ ነበር። ከሰዓቶቹ አንዱም እንዲህ አድርጎት አያውቅም።

ከምሳ በኋላ ሀጂ ሀሰኖ ልጃቸውን ብቻውን ጠሩት።

«ካራዬን ሸጥከው?»

ኡዘይር እፎይ አለ። የፈራው አታለልከኝ ወይ የሚለውን ነበር፤ ለዚህኛው ንጹሕ መልስ አለው።

«ወላሂ አልሸጥኩም አባባ። እንዲያውም ከሁሉም አብልጬ የያዝኩት እሱን ነው።» ቁም ሳጥኑን ከፍቶ ካራውን እጃቸው ላይ አኖረላቸው።

አሁን አውራ ጣታቸው ቦታውን አገኘ። ጥፍራቸውን ስለቱ ላይ ቢያሳልፉት ተንሸራተተ። ዘይቱን አሸተቱት። ኡዘይር ስለ ምልክቱ፣ የሰበታው ሰው ስላለው፣ እንዲህ ያለ ካራ ዛሬ የሚሠራ እንደሌለ አስረዳቸው። እስኪጨርስ ጠበቁት።

«ብትሸጠው ይሻል ነበር» አሉ። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም። «የገዛው ሰው ያርድበት ነበር።»

ኡዘይር አፈረ፤ እስከ አንገቱ ሞቀው። አሁኑኑ እስለዋለሁ ብሎ ተነሳ። ሀጂ ሀሰኖ ግን ተው አሉት። አሮጌውን ካራ መለሱለትና አዲሱን አስመጥተው በጋዜጣ ጠቀለሉት። አገር ቤት ላለው ለወንድማቸው ልጅ ለሙአዊያ ሊሰጡት ነው፤ ከእንግዲህ የቤቱን እርድ የሚያርደው እሱ ነው።

«የኔን አንተ አስቀምጠው» አሉት ጥቅሉን ሻንጣቸው ውስጥ እየከተቱ። «ማስቀመጡን ታውቅበታለህ።»