ጤነኞቹ አምስት

ሰምሃል መርፌ ትፈራለች። የባዮኬሚስትሪ ዶክተር ናት፤ የሰው ደም ስትለካ ትውላለች፤ የራሷ ክንድ ላይ ላስቲክ ሲታሰር ግን እጇን ነጥቃ ትነሣለች። ከዚህ የባሰ ነውር ይዞ በሰላም የሚኖር ስንት ሰው አለ! እሷን ግን ይህች ፍርሃት መውጫው የማይታወቅ ጣጣ ውስጥ ከተተቻት።

ላቦራቶሪው ካዛንቺስ፣ ከኡራኤል ሽቅብ ሲሉ፣ ዩኒቨርሲቲው በተከራየው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ዘመኑ ሁለት ሺህ ስድስት፤ ሰፈሩ እየፈረሰ ነበር፤ የዶዘሩ ጉርምርምታ ቀኑን ሙሉ መስኮቱን ሲያንቀጠቅጥ ይውላል። ሰምሃል ዶክትሬቷን ጨርሳ ለሁለት ዓመት ኮንትራት የተቀጠረች ተመራማሪ ናት። ሥራዋ በጉበት ካንሰር የታመሙ ሰዎች ደም ውስጥ የሚጨምረውን አንድ ፕሮቲን መለካት ነው። የታማሚው ደም ሲለካ አጠገቡ የጤነኛ ደም አብሮ ይለካል። የጤነኛው ቁጥር ከፍ ካለ የዚያ ቀን ልፋት ሁሉ ይጣላል።

ከውጭ የታዘዘው የጤነኛ ደም ጉምሩክ ገብቶ ቀረ። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ ኃላፊው ፕሮፌሰር ገብረዋህድ ከሠራተኛው መሀል አምስት ጤነኞች መረጡ፤ ሰምሃል፣ ዕቃ አጣቢዋ አጸደ፣ ተማሪው ጅብሪል፣ የንብረት ክፍሉ አስመላሽ፣ እና ደም ቀጂው ጋሽ ባይሳ። በየወሩ የመጀመሪያ ሰኞ ሁሉም አንዳንድ ቱቦ ደም ይሰጣሉ። ጋሽ ባይሳ ስም ጽፈው ያስረክባሉ፤ ፕሮፌሰሩ ስሙን ልጠው ቁጥር ይለጥፋሉ። የትኛው ቁጥር የማን እንደሆነ የሚናገረው ወረቀት እሳቸው መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎበታል።

በመጀመሪያው ሰኞ ሰምሃል ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ፊቷ አመድ መሰለ። ጋሽ ባይሳ ሳቁባት። የሃምሳ ስምንት ዓመት የቄራ ሰው ናቸው፤ ሠላሳውን ዓመት ከሰው ክንድ ላይ ደም ሥር ሲፈልጉ የኖሩ።

«ተይው በቃ፣ ሰሙ። እኔ ደም አላጣሁም። አንዱን ቱቦ ባንቺ ስም እሞላዋለሁ። ጤነኛ ያው ጤነኛ ነው።»

«ጋሽዬ፣ ፕሮፌሰሩ ቢያውቁስ?»

«ማን ይነግራቸዋል?»

ማንም አልነገራቸውም። ከዚያ ወዲህ በየወሩ ከአንድ ክንድ ሁለት ቱቦ ይቀዳ ጀመር። በወረቀት አምስት ጤነኞች፣ በእውነቱ አራት። ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው።

ታኅሣሥ ላይ ቁጥር ሁለትና ቁጥር አምስት ከፍ አሉ። ከአሥር ማለፍ የሌለበት አሥራ አራት ሆነ። ጥር ላይ ሠላሳ አንድ፣ የካቲት ላይ ሰባ። ሁለቱም እኩል። ሰምሃል የመለኪያ ኪቱን ቀየረች፣ ደግማ ለካች፣ ያው ሰባ። ወረቀቱን ይዛ ፕሮፌሰሩ ዘንድ ስትገባ ፈርታለች፤ ምን እንዳስፈራትም ታውቃለች።

ፕሮፌሰሩ መነጽራቸውን አውልቀው ሳቅ አሉ። «ሁለት ሰው በአንድ ወር ታሞ፣ በአንድ ልክ ይብስበታል? ማለቴ፣ በሽታ እንዲህ አይሠራም። መብራቱ ሲሄድ ሲመጣ ፍሪጁ ውስጥ ቱቦዎቹ ተበላሽተዋል። ሁለቱን ከጥናቱ አውጪያቸውና ጽሑፉን ለመጽሔቱ ላኪው።»

ሰውየው ትክክል ናቸው። ሁለት ሰው እንዲህ አይታመምም። አንድ ሰው ግን ይታመማል። ይህን በዚያ ሕንፃ ውስጥ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት።

ታዲያ ለምን አልተናገረችም? ብትናገር፣ አምስት ሰው ብላ የጻፈችው ጥናት ውሸት ነው፤ ጽሑፉ ይወድቃል፤ ግንቦት ላይ የሚያልቀው ኮንትራቷም አብሮ ያበቃል። ለእናቷ ለወይዘሮ መብርሂት፣ ቋሚ ልሆን ነው ብላ አስቀድማ ነግራለች። «ምናልባት ቀላል የጉበት ሕመም ይሆናል» ብላ ራሷን አታለለች። ዕጢው ትንሽ ሳለ ከተገኘ በቀዶ ሕክምና እንደሚወጣ፣ ከዘገየ ግን የሚነካው ሐኪም እንደማይገኝ የምታውቅ ሴት ናት እንዲህ የምትለው!

በዚያው ሳምንት ጋሽ ባይሳ ኮሪደር ላይ አስቆሟት። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

«ሰሙ፣ ከእኛ ደም ቁጥሩ ከፍ ያለ አለ አሉ። ጅብሪል ነው የነገረኝ። ስንት ነው? አንድ ቱቦ ነው ሁለት?»

ለምን እንደጠየቁ ወዲያው ገባት። ሁለት ከሆነ እሳቸው ናቸው። ጽሑፉ ከተላከ ገና ሦስት ቀኑ ነው።

«አንድ» አለች።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። እሷ ግን አፏ አላመለጣትም፤ አውቃ ነው ያለችው።

«ተመስገን! እኔ አይደለሁማ!» አሉ ጋሽ ባይሳ፤ ግድግዳውን ተደግፈው ተነፈሱ። ወዲያው ደግሞ ፊታቸው ጠቆረ። «ግን ከሦስቱ አንዱ ነዋ። አጸደ የልጆች እናት ናት። ምስጢር ነው ተብሎ ሰው ዝም ብሎ ይሞታል እንዴ? ግዴለሽም፣ እኔ አስመረምራቸዋለሁ።»

ሰምሃል መጸዳጃ ቤት ገብታ አለቀሰች። ወጥታ ግን ሥራዋን ቀጠለች።

ሁለቱን ቱቦዎች ከጥናቱ ብታወጣም በየወሩ ተደብቃ መለካቷን አልተወችም። መጋቢት ላይ መቶ ስድሳ ሆነ። ሚያዝያ ላይ ሦስት መቶ ዘጠና። ከፋሲካ በኋላ ጋሽ ባይሳ ለቀበቷቸው አዲስ ቀዳዳ በስተውለት መጡ። «ጾሙ አከሳኝ» ብለው ይቀልዳሉ። ጾሙ ካለፈ ሁለት ሳምንት ሆኖታል። ምሳ ሲከፍቱ ሁለት ጉርሻ ጎርሰው የቀረውን ለአጸደ ይገፉላታል። ሰምሃል ይህን ሁሉ ታያለች፤ በየማታው ታክሲ ውስጥ «ነገ እነግራቸዋለሁ» ትላለች፤ ቡልጋሪያ ማዞሪያ ስትወርድ ሐሳቧን ትቀይራለች።

ግንቦት ሃያ አንድ፣ ሐሙስ ከሰዓት፣ ጽሑፉ ተቀባይነት ማግኘቱን የሚገልጽ ኢሜይል ደረሰ። ፕሮፌሰሩ ኬክ ሊያስመጡ ወጡ። ሰምሃል ብቻዋን ተቀምጣ ደብዳቤውን ስታነብ ጋሽ ባይሳ ገቡ። የዓይናቸው ነጩ ወይቧል። ሦስት ወረቀት አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ደረደሩላት።

«አስመላሽ እምቢ እያለ ሁለት ወር አስለፋኝ» አሉ። «ዛሬ ውጤቱን ይዤ መጣሁ። አጸደ ደኅና። ጅብሪል ደኅና። አስመላሽም ደኅና።»

ሰምሃል ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አነበበች።

«የቀረነው እኔና አንቺ ነን» አሉ። «አንቺ ደግሞ አልሰጠሽም።»

ውጭ ዶዘሩ ቆሞ ነበር። ጋሽ ባይሳ ወንበር ስበው ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«ልጄ፣ ስንት ቱቦ ነበር ያልሽኝ?»

«ሁለት» አለች ሰምሃል። «ሁለት ነበር፣ ጋሽዬ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከታኅሣሥ።»

አልተቆጡም። ቢቆጧት በወደደች። ሠላሳ ዓመት ደም ሲቀዱ የኖሩበትን እጃቸውን ዘርግተው፣ ከታኅሣሥ ጀምረው ወራቱን በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ። አንዱ እጅ አልበቃቸውም፤ ወደ ሌላው ተሻገሩ።