ግሪሴልዳ የመረጠችው ቃል

ግሪሴልዳ ያን ቀን ጠዋት ባትሰደብ ኖሮ ትጠይቅ ነበር። አለቃዋ ዶን ፊደንሲዮ ግን ገና ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ፣ የሜክሲካሊ ከተማ ሙሉ እስኪሰማ ጮኸባት።

«አንቺ ሴትዮ፣ አስተርጓሚ ነሽ ወይስ መርማሪ? ‹ይቅርታ፣ የትኛውን ማለትዎ ነው? ይቅርታ፣ የትኛውን?› ደንበኛው ተማሯል! አንድ ቅሬታ ይምጣና ጓዝሽን ጠቅልለሽ ትሄጃለሽ!»

ዋጥ አድርጋ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ምን ታድርግ፣ ሌላ ሥራ የት አለና!

ሥራው በስልክ ነው። ከድንበሩ ማዶ፣ አሜሪካ ያለ እንግሊዝኛ ብቻ የሚችል ሰው፣ ስፓኒሽ ብቻ የሚችል ሰው ማናገር ሲፈልግ ግሪሴልዳ መሀል ትገባለች። ቃሉ አሻሚ ከሆነባት አቁማ መጠየቅ አለባት፤ ደንቡ ይላል። ዶን ፊደንሲዮ እንደ ጠላቱ የሚያየው ይህንኑ ደንብ ነው።

ስልኩ ጠራ። ከድንበሩ ማዶ ካሌክሲኮ ከተማ ካለ የሕፃናት ማቆያ ሚስ ቦኒ የምትባል ሞግዚት ናት። በሌላው መስመር የአንዲት ልጅ እናት ቀረበች፤ ኖሄሚ ትባላለች፣ የምትሠራው ጥፍር ማስዋቢያ ቤት ነው።

«ቶሎ በሉ እስቲ፣ የደንበኛዬን ጥፍር መቀባት ጀምሬያለሁ» አለች።

«ልጅሽ ያሬሊ ‹ኔይል› ውጣለች» አለች ሚስ ቦኒ። «እኔ አላየሁም፤ ልጆቹ ናቸው የነገሩኝ። ምን ላድርግ?»

ኔይል። እንግሊዝኛ ለጥፍርም ለሚስማርም ያለው ይህችኑ ቃል ነው። ስፓኒሽ ግን ጥፍሩን ኡኛ፣ ሚስማሩን ክላቮ ብሎ ለይቶታል፤ ከሁለት አንዱን መምረጥ ግድ ነው። ግሪሴልዳ «የትኛውን?» ልትል አፏን ስትከፍት የዶን ፊደንሲዮ ፊት ድቅን አለባት። ደግሞስ፣ የጥፍር ሠሪ ልጅ የፕላስቲክ ጥፍር ይዛ ማቆያ ብትሄድ ምን ይገርማል?

«ኡኛ» አለች። አይ ግሪሴልዳ!

ኖሄሚ ሳቀች። «ወይ ይቺ ልጅ! ሁሌ እኮ ከቦርሳዬ ትሰርቃለች። ዳቦ ስጧትና ተዉአት፣ በራሱ ይወጣል።»

ግሪሴልዳ ተረጎመች። ሚስ ቦኒ ግን አልተዋጠላትም።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ኧረ ስንቴ አጋጥሞኛል!» አለች ኖሄሚ።

«እንግዲህ እናቷ ነሽ፣ አንቺ ታውቂያለሽ። አጥሩን የሚጠግነውን አናጢ ግን እነግረዋለሁ፣ በየቦታው እያንጠባጠበ...» ብላ ስልኩን ዘጋችው።

አናጢ!

ግሪሴልዳ ክው አለች። አንደኛው ወገን ከዘጋ በደንቡ እሷም ወዲያው መዝጋት ነበረባት፤ ጣቷ ቁልፉ ላይ ነው። ዝም ብትል ማን ያውቃል? አዎ፣ አስባዋለች። ሰው አይደለች እንዴ!

«አለሽ?» አለች ኖሄሚ። «መጨረሻ ላይ ምን አለች?»

«ሴኞራ... ልጅዎ የዋጠችው ሚስማር ነው። የብረት ሚስማር።»

«ጥፍር ነው ብላ የለ እንዴ!»

«እሷ አላለችም። እኔ ነኝ ያልኩት።»

አንድ ነገር ወድቆ ሲሰበር ተሰማ፤ ከዚያ የኖሄሚ ጩኸት። «ዳቦ ስጧት ብያለሁ እኮ! ኧረ በገዛ አፌ ዳቦ ስጧት ብያለሁ!»

ግሪሴልዳ ወደ ማቆያው መልሳ ደወለች። ተይዟል። ደገመች። አሁንም ተይዟል። «እመቤቴ፣ እመቤቴ» እያለች ከወንበሯ ተነሣች። ዶን ፊደንሲዮ ከቢሮው መስታወት ጀርባ ተቀመጪ እያለ በእጁ ምልክት ያሳያል፤ ጀርባዋን ሰጠችው። ደግማ ስትደውል ሚስ ቦኒ አነሣች።

«ምንም እንዳትቀምስ! አምቡላንስ ጥሪ!» አለች ግሪሴልዳ በእንግሊዝኛ። «ሚስማር መሆኑን እናትየው አልሰማችም። እኔ ነኝ ያሳሳትኳት!»

«ምን?» አለች ሚስ ቦኒ፤ ከዚያ ሩጫና የበር ድምፅ ብቻ ተሰማ። ስትመለስ ቁና ቁና እየተነፈሰች ነበር። «አምቡላንሱ እየመጣ ነው። ልጅቷ አጠገቤ ናት፣ ደህና ትመስላለች።»

ግሪሴልዳ ይህንኑ መስመሩ ላይ ለምትጠብቀው ለኖሄሚ ነገረቻት።

«እሷ ናት እንደዚህ ያለችው ወይስ አንቺ?»

«እሷ ናት፣ ሴኞራ። በልጅዎ እምላለሁ።»

«ልጄን እንዳትጠሪ! ካንቺ አፍ ምንም አልሰማም። ልጄን ራሷን ስጡኝ!»

ግሪሴልዳ ይህን ተረጎመች፤ ሚስ ቦኒም ስልኩን ለልጅቷ ሰጠቻት።

«ማሚ» አለች ያሬሊ በቀጭን ድምፅ፣ በእናቷ ቋንቋ። «ዳቦውን በላሁት። ሆዴን ይወጋኛል።»



«ምን አለች?» አለች ሚስ ቦኒ። «ኧረ ንገሪኝ፣ ልጅቷ ምን አለች?»

ግሪሴልዳ ቃሉን ሁሉ ታውቀዋለች፤ አንዱንም ግን ከአፏ ማውጣት አቃታት።