ውሃ የማይሻው ተክል

ለጃንሆይ የዘውድ በዓል ነቀምት ደጇን እንድታሳምር በታዘዘች ጊዜ፣ ባሌ ተድላ ጽጌረዳ አልተክልም አለ። «በጋው ሲገባ ማን ያጠጣዋል? አንቺ እንደሆንሽ አራስ ነሽ።» የሸዋ ሰው ነዋ! ሳይጠይቀኝ ሁለት ቁልቋል አምጥቶ ከበሩ ግራና ቀኝ ተከለ። ቁልቋል ውሃ አይሻ፣ ከብት አይነካው። እኔ ከጓዳ ሳልወጣ ምን አይቼ ልከልክለው?

እናቴ የአራስ ቅቤ ይዛ ከአኖ የመጣች ዕለት ከደጅ ዋይታ ሰማሁ። ድምፁ የእሷ ነው። አባቴ ሞተ ብዬ እኔም ጮኽኩ። ጩኸቴን ስትሰማ ባሰባት።

«ድርቤ! ኢንተላ ኮ! ልጄን!»

በእኛ ዘንድ ቁልቋል የሚተከለው መቃብር ላይ ነው።

ልጄን ታቅፌ ወጣሁ። ፊቴን ዳሰሰች፤ ጆሮዋን አስጠግታ የሕፃኑን ትንፋሽ አዳመጠች። ከዚያ ሁልጊዜ አንቱ የምትለውን ተድላን፣ «አንተ! ማንን ልትቀብር ነው?» አለችው።

ተድላ መጥረቢያ አንስቶ ሁለቱንም ከሥር ቆረጣቸው።

ልጄን ትኩሳት የያዘው ዕለት በሩን ስከፍት ጉቶዎቹ አቆጥቁጠው አየሁ። ውሃ ያጠጣቸው ሰው አልነበረም።