በቃ የማይባልበት ቤት

እኛ ቤት «በቃ» አይባልም። ሻይ ሲቀዳልን ብርጭቆውን በእጃችን እንጋርዳለን፤ ምግብ ሲጨመርልን «ጠገብኩ» እንላለን፤ ልጅ ሲረብሽ «ተው» ይባላል። ያገባሁ ሰሞን ባለቤቴ ሻይ እየቀዳልኝ «በቃ?» ሲለኝ ዝም ብዬ አየሁት። ሻዩ ብርጭቆውን ሞልቶ፣ ጠረጴዛው ላይ ፈስሶ፣ ጭኔን አቃጠለኝ። «ምን ዓይነት ቤተሰብ ነው ያሳደገሽ?» አለኝ። እኔ ግን «በቃ» አለማለት የጨዋ ልጅ ወግ ይመስለኝ ነበር።

ምክንያቱን የነገረችኝ አክስቴ ናት። ነገሩ የሚጀምረው ከቅድመ አያቴ ነው።

ቅድመ አያቴና ባሏ ያንን መሬት ሲይዙ ጫካ፣ ድንጋይና አውሬ እንጂ ሰው የሚባል አልነበረበትም። አብረዋቸው የመጡት ቤተሰቦች ተስፋ ቆርጠው ሲመለሱ እነሱ ቀሩ። ዛፉን ቆርጠው፣ ጉቶውን አቃጥለው፣ ሥሩን በእጃቸው ነቅለው ማሳ አወጡ። ዛሬ ዘመዶቻችን «አገር ያቀኑ» እያሉ ደረታቸውን ይነፋሉ። አክስቴ ይህን ስትሰማ ቆሽቷ ያርራል። «መሬቱ የቀናው የእማማ ጀርባ ጎብጦ ነው» ትላለች።

ውሃ አልነበረም። ወንዙ ከአገር ወዲያ ነው። ቅድመ አያቴ ጠዋት ወጥታ ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ እንስራዋን ተሸክማ ትመለሳለች። ሁለተኛ ልጇን ያስወረዳት ያ እንስራ ነው። ከዚያ በኋላ ባሏ ጉድጓድ ልቆፍር ብሎ ተነሳ። ጉልበተኛ ሰው ነበር፣ ቁጡም ነበር፤ ሲናደድ እጁ ይቀድመዋል። አንድ ቀን መትቷት፣ አፏ እየደማ «ግድ የለም፣ ታያለህ» ስትለው፣ ማሳው ከወጣ በኋላ ዘመድ አስከትሎ የመጣው ወንድሙ ሰምቷል። የትኛዋ ሚስት ተናዳ እንደዚህ ያላለች እንዳለች እኔ አላውቅም። እሷ ላይ ግን ተያዘባት።

እሱ ከታች ይቆፍራል፣ እሷ ከላይ ገመዱን ትይዛለች። በሁለት ባላ ላይ ግንድ አጋድመው፣ ለግንዱ እጀታ አበጅተው፣ ገመዱን ጠቅልለውበታል። አፈሩ እንዳይናድ ግድግዳው በድንጋይ መደገፍ ስለነበረበት ድንጋዩን አስራ የምታወርድለትም እሷ ናት። ከጉድጓድ ውስጥ ረጅም ወሬ አይሰማም። ስለዚህ በሁለት ቃል ተስማሙ። «ሳቢ» ካላት ትስባለች። ድንጋዩ መሬት ሲነካ «በቃ» ይላታል፤ እጀታውን ትለቃለች፣ ገመዱ ይላላል፣ እሱ ይፈታዋል።

የዚያን ቀን ትልቅ ድንጋይ እያወረደች ክንዷ ዛለና እጅ ለመቀየር ቆም አለች። ድንጋዩ አናቱ ላይ ተንጠለጠለ። ከታች «በቃ» የሚል ድምፅ መጣ። እጀታውን ለቀቀችው።

ሰውየው መጠየቁ ነበር። ገመዱ አለቀ ወይ ማለቱ ነበር። ጥያቄውም መልሱም ያው አንድ ቃል ነው፤ የሚለየው በድምፁ ብቻ ነው፤ ድምፁን ደግሞ ጉድጓዱ ይበላዋል። በገመዱ ተንጠላጥላ ስትወርድ ነፍሱ አልወጣችም ነበር። «ጠየቅኩሽ እኮ» አላት። ከዚያ ወዲያ አልተናገረም።

ወንድሙ ገዳይ አላት። ዘመድ ሁሉ ተከተለው። ጉድጓዱን ሌሎች ሰዎች ጨረሱትና እሱ ከሞተበት ትንሽ ዝቅ ብሎ ውሃ ወጣ። ገዳይ ያሏት ሰዎች ውሃውን ጠጥተዋል፣ ከብቶቻቸውን አጠጥተዋል፣ ልጆቻቸውን አጥበዋል። እሷም ሌላ ውሃ ስላልነበራት ዕድሜዋን ሙሉ ከዚያው ቀዳች። ልጆቿን አሳደገች፣ በሬ ጠምዳ አረሰች። «በቃ» የሚለውን ቃል ግን ከአፏ ያወጣችበት ቀን የለም። በአዝመራ ጊዜ ጆንያ የሚያሸክሟት ሰዎች «በቃ?» ሲሏት ዝም ትላለች። እነሱም ይጨምራሉ። በኋላማ መሳቂያ አደረጓት፤ «ዝምተኛዋ ላይ ጫን፣ እሷ እንደሆነ አትጠግብም» ይሉ ነበር። ጀርባዋ እንደ ማጭድ የጎበጠው እንዲህ ነው። ልጆቿ ምክንያቱን ሳይጠይቁ ዝምታዋን ወረሱ። ስትሞት የባሏ ወንድም ከባሏ መቃብር አርቆ አጥር ሥር አስቀበራት።

አክስቴ ከአያቷ ጋር አንድ አልጋ ላይ እየተኛች ነው ያደገችው። ይህን ሁሉ ከአፏ ሰምታለች። አጎቴ ደግሞ፣ ታላቅ ወንድሟ ማለት ነው፣ ያደገው ከሟቹ ወንድም ቤት ነው። እኛ «ዳኛው» እንለዋለን። ዕድሜውን ሙሉ እህል ሲመዝን የኖረ ሰው ነው፣ ግን የቤተሰቡን ነገር ሁሉ የሚፈርደው እሱ ነው። ከመላው ቤተሰብ «በቃ» የሚለውም እሱ ብቻ ነው። ያውም ጠረጴዛ እየመታ ነው፣ «በቃ ብያለሁ!» እያለ። የአሮጊት ተረት አልፈራም ማለቱ ነው።

ዘንድሮ በመሬታችን ላይ መንገድ ሊያልፍ ነው ተባለና የቅድመ አያቶቼን አፅም አውጥተን ከተማ ወዳለው መካነ መቃብር እንድናዛውር ተነገረን። ዳኛው ለወንድ አያቱ ከጠንካራ እንጨት የተሠራ፣ አራት ሰው የሚከብደው የሬሳ ሣጥን አሠራ። የመቃብሩን ጉድጓድም ለትልቅ ሰው ይገባል ብሎ ሰፊ አድርጎ አስቆፈረ። ለሴት አያቱ ግን አናጢው ከትርፍራፊ ጣውላ የመታት ትንሽ ሣጥን ተገዛች። እሷን ከመካነ መቃብሩ መግቢያ በር አጠገብ ሊቀብራት ነው።

አክስቴ ታማለች። እሷ ካለፈች በኋላ ይህን ነገር የሚያነሳ ሰው እንደማይኖር ታውቃለች፤ መቃብሩም ዛሬውኑ በሲሚንቶ ይደፈናል። መካነ መቃብሩ ስንደርስ ሣጥኖቹን የጫነው መኪና አጠገብ ቆማ ወንድሟን ለመነችው።

«ጋሼ፣ ሌላ ምንም አልጠይቅህም። ከባሏ ጎን ቅበርልኝ።»

«ገዳይን ከሟች ጋር?»

«አልገደለችውም። ጠይቋት ነው፣ እሷ ልቀቂ ያላት መስሏት ነው የለቀቀችው። ስንት ጊዜ ልንገርህ?»

«ማን ሰማ? እሷ፣ ከዚያ አንቺ። ሰው ‹በቃ› ስላለ ይሞታል? አንቺ ደርሰሽ ልትነግሪኝ! በቃ ብያለሁ!»

አክስቴ ወደኔ ዞረች። ደሜ ፈልቶ ልናገር ስል «ተይው፣ ሆድ ይፍጀው» አለችኝ። የድንጋይ አጥሩን ተደግፋ ቁጭ አለች። እንደዚያ ተሸንፋ አይቻት አላውቅም።

መቃብር ቆፋሪዎቹ የአያቱን ሣጥን በሁለት ገመድ ሊያወርዱ ሲዘጋጁ ዳኛው ኮቱን አውልቆ ጉድጓዱ ውስጥ ወረደ።

«አባባ፣ ይውጡ፣ እኛ እናስተካክለዋለን» አሉት።

«አያቴን በእጄ ነው የምቀበለው!»

ጥጉን ይዞ ቆመ። ሣጥኑ መውረድ ጀመረ። ከባድ ነው። ወገቡ ጋ ሲደርስ እሱ ጎንበስ ብሎ የታችኛውን ጠርዝ ያዘ፤ ሰዎቹም ገመዱን እጃቸው ላይ ሊያጠብቁ ቆም አሉ። ሣጥኑ ሸፍኖት ዳኛው እኛን አያይም፣ እኛም አናየውም። ከሥር ድምፁ ብቻ መጣ።

«በቃ»።

ሰዎቹ ለቀቁት።

የእንጨቱን ድምፅ ሰማሁ፣ ከዚያ ጩኸቱን። ሣጥኑ እግሩን ከግድግዳው ጋር አጣብቆት ነበር። ቆፋሪዎቹ ጠርዙ ላይ ተደፍተው ገመዱን መልሰው ለመያዝ እየታገሉ አንደኛው «በቃ አሉን እኮ፣ አባባ! በቃ ብለዋል!» ይላል።

«ጠየቅኳችሁ እንጂ!» ብሎ ጮኸ ዳኛው። «ጠየቅኳችሁ እኮ!»

አንገቴን አስግጌ አየሁት፤ አፉ እንደተከፈተ ቀርቷል። እህቱ ዕድሜዋን ሙሉ የነገረችውን፣ እሱም ያልተቀበላትን ያንን ቃል ነው አሁን በገዛ አፉ ያወጣው። እኔ ሳላስበው ወደ አክስቴ ዞርኩ። አንጀቷ ቅቤ የሚጠጣ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን ጉድጓዱ ጠርዝ ድረስ መጥታ እጇን ወደ እሱ ዘርግታለች።

«እሱም ሲሞት እንዲህ ነው ያላት» አለች።

ሣጥኑን ብድግ አድርገው እሱን ጎትተው አወጡት፤ ሣጥኑንም መልሰው በቀስታ አስቀመጡት። ከቁርጭምጭሚቱ በታች እግሩ አበጠ፣ ሐኪም ቤት እንውሰድህ ስንለው እንቢ አለ። አፈሩ ላይ ተቀምጦ ፊቱን በእጁ ሸፍኖ ሲያለቅስ ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት። አላዘንኩለትም፤ ልዋሽ አልችልም። ሰባ ዓመት ያልገባው ነገር አጥንቱ ሲሰበር ብቻ ገባው።

«አምጧት» አለ ቀና ሳይል። «ከጎኑ አድርጓት።»

«አሁን?» አለችው አክስቴ። «ጆንያ ሲጭኑባት የት ነበርክ? አጥር ሥር ሲጥሏት የት ነበርክ?»

መልስም አልጠበቀችም። ሄዳ የቅድመ አያቴን ሣጥን ከመኪናው ላይ አብራኝ አወረደች። ትንሽ ናት፣ ቀላል ናት፤ ያ ሁሉ ጆንያ የተጫነበት ጀርባ እዚያ ውስጥ ነው ብሎ ለማመን ይከብዳል። ጉድጓዱ በዳኛው ኩራት የተነሳ ሰፊ ስለነበር ከባሏ ጎን በቂ ቦታ አገኘች።

ቆፋሪዎቹ በጥንቃቄ አወረዷት። ሣጥኗ መሬት ስትነካ ገመዱ ላላ፤ እነሱ ግን እንደያዙ ቀሩ፣ ለመጠየቅም ፈሩ። አክስቴ በጉልበቷ ተንበርክካ አንገቷን ወደ ጉድጓዱ ደፋች።

«በቃ፣ እማማ» አለች። «በቃ።»

ሁለቱ ሰዎች እርስ በርሳቸው ተያዩ። ገመዱን ግን አልለቀቁትም።