ቢጫው መስመር

ነገር ሆዴ ውስጥ አያድርም። ሰቆጣ ውስጥ ይህን የማያውቅ ካለ ትናንት የመጣ እንግዳ ነው። ሚስቴ ዓሚኔ እንኳ ምስጢር ሲኖራት ለጎረቤት ትነግራለች እንጂ ለእኔ ትንፍሽ አትልም። ቄስ ደሞዝ ግን ይህን እያወቁ ከቀለም ሱቄ ጎትተው አወጡኝና የጋሽ ትእዛዙ ልጅ ምስጋናው መሞቱን ነገሩኝ። ነግረውኝ ሲያበቁ አፌን እንድዘጋ አዘዙኝ። ኧረ እንዲህ ያለ ግፍ የት አገር አለ?

ምስጋናው ወደ ጅቡቲ የሚመላለስ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። አፋር በረሃ ላይ መኪናው ተገለበጠ፤ ሙቀቱ ሬሳ አያቆይምና እዚያው ቀበሩት። ለፋሲካ መጥቶ በዳግማይ ትንሣኤ ሊያገባ ነበር። እዚህ ያሠራው ቤት ቆርቆሮው ተመትቶ፣ የብረት በሩንም እኔው ቀብቼለት አልቆ ነበር የሚጠብቀው።

መርዶው የሚነገረው እኅቱ ሰርካለም ከባሕር ዳር ስትደርስ ነው አሉ ቄሱ። እናቱ እትዬ አገኘሁሽ ሴት ልጃቸው ሳትኖር መርዶ ከሰሙ ማን ይይዛቸዋል? እሺ፣ ይሁን። ግን መንገዱ ተዘግቷል። ዛሬ ይከፈታል፣ ነገ ይከፈታል ሲባል ሁዳዴው ሊገባደድ ነው። እኛ ሙስሊሞቹ ሞትን በሰማንበት ሰዓት እንናገራለን። ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ግን ሽማግሌ ተሰብስቦ ጎሕ ሲቀድ በር እስኪያንኳኳ ድረስ ዝም ነው። ገበያው በሙሉ ያውቃል፣ ባለቤቱ ብቻ አያውቅም። እኔን ይህ ነገር ያቃጥለኛል።

ቄሱ እኔን የመረጡኝ ጋሽ ትእዛዙ ቀኑን የሚውሉት እኔ ዘንድ ስለሆነ ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ድሬዳዋ ባቡር ሲነዱ ኖረው ጡረታ ሲወጡ ወደ አገራቸው ተመለሱ። ካመጡት ዕቃ ሁሉ የሚሳሱለት ትልቁን ባቡር አስመስሎ የተሠራ፣ ክንድ የማይሞላ የፕላስቲክ ባቡር ነው። አብሯቸው ይሠራ የነበረ ፈረንጅ ወደ አገሩ ሲሄድ የሰጣቸው ነው። ምስጋናው በልጅነቱ እየጎተተው አደገ፤ ቤት የተረፈ ቀለም ሁሉ ሲቀባበት ኖሮ መስኮቱ እንኳ አይለይም ነበር። ታዲያ አሁን ልጃቸው ሲያገባ መደርደሪያው ላይ እንዲያኖረው አድሰው ሊሰጡት ተነሡ።

እኔ ባጃጅና የብረት በር ነው የምቀባው። መጀመሪያ ቀን አሮጌውን ቀለም ላስለቅቅ ብዬ ቲነር ሳነሣ እጄን ቀጨም አደረጉኝ፤ ቲነር ፕላስቲክ ያቀልጣል። የእሳቸው መንገድ ሌላ ነው። ጎማና ሞተሩን ፈትተው ያስቀምጡና ላዩን የሚከድነውን ቦዲ ብቻ ፍሬን ዘይት ውስጥ ይዘፈዝፉታል። አድሮ ቀለሙ ሲያብጥ በጥርስ ብሩሽ እያሹ ይልጡታል፣ በሳሙና ያጥቡታል። ከዚያ በኋላ ነው የእኔ ሥራ፤ በኮምፕሬሰር ስስ አድርጌ አረንጓዴውን እረጨዋለሁ፣ ሲደርቅ በወረቀት ፕላስተር ሸፍኜ በጎኑ ላይ መስመር አወጣለታለሁ።

ቄስ ደሞዝ፣ ጋሽ ትእዛዙን እዚሁ ያዛቸው፣ ገበያ መሐል አንዱ ባለጌ እንዳያመልጠው አሉኝ። እኔም ያዝኋቸው። አረንጓዴው ቀለም መደርደሪያዬ ላይ ተደርድሮ እያለ፣ ከወልድያ እየመጣ ነው አልኋቸው። የምስጋናው ስልክ ለምን አይጠራም ሲሉኝ ኔትወርክ ነው አልሁ። መቼም ኔትወርክን ማንም አይጠራጠርም።  ማታ ግን ቤቴ ገብቼ ያለ ምክንያት ዓሚኔ ላይ እጮኻለሁ፣ ልጆቹን እቆጣለሁ።

አንድ ቀን ቦዲው ተልጦ፣ ግራጫው ፕላስቲክ ንጹሕ ሆኖ ወጣ። ጋሽ ትእዛዙ በመዳፋቸው ይዘው እያገላበጡ፣ ለሠርጉ መኪና የምትሸልመው አንተ ነህ አሉኝ። ሙሽራውን ከፊት አስቀምጠህ ከተማውን ታዞረዋለህ፣ እኔ ከኋላ እመጣለሁ እያሉ ሳቁ። ከዚያ በላይ አልቻልሁም።

«ጋሽ ትእዛዙ፣ ምስጋናው የለም» አልኋቸው። «መኪናው ተገልብጦ ሞቷል። እዚያው ተቀብሯል።»

 ቦዲውን ቀስ ብለው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ማን ማን ያውቃል ብለው ጠየቁኝ፤ አገሩ ሁሉ አልኋቸው።

«አገኘሁሽስ?»

«እሳቸው አያውቁም።»

«እንግዲያው እኔም አላወቅሁም» አሉ።

ለማንም እንዳልናገር አስማሉኝ፤ በአላህ ስም ማልሁ። የሱቁን በር ዘጋሁላቸው። ከቀለም በርሜሎቹ ኋላ ተቀምጠው ጋቢያቸውን አፋቸው ውስጥ ጎስጉሰው አለቀሱ። ሲጨርሱ ፊታቸውን ታጥበው ወደ ቤታቸው ሄዱ። እኔ ወላሂ ቀለለኝ። እውነት ተናገርሁ፣ ሰው የልጁን ሞት ማወቅ ይገባዋል ብዬ ራቴን ጠግቤ በላሁ።

በማግስቱ ከቤት አይወጡም ስል በዚያው ሰዓታቸው ከች አሉ። ቀረት ብል ሚስቴ ምን ነካህ ትለኛለች አሉኝ። ከዚያም በየቀኑ መጡ። አረንጓዴውን ረጨሁት፣ ቀይ መስመር አወጣሁለት፤ እሳቸው ደግሞ አጠገቤ ቆመው እዚህ ጋ ወፍሯል፣ እዚያ ጋ ፈስሷል እያሉ ያርሙኛል።  የነገርኋቸው ለዚህ ነበር እንዴ?

ባቡሩ ባለቀ ቀን እትዬ አገኘሁሽ ተከትለዋቸው መጡ። ሽማግሌው ሰሞኑን እህል አልቀምስ ብሏል፣ የሠርጉ ሐሳብ ነው፣ እስቲ ያን ባቡር አሳዩኝ አሉ። ባቡሩን አንሥተው ወደ ብርሃኑ አዞሩትና ቅር አላቸው። ከባላቸው ጋር የሚነጋገሩት በአገሩ ቋንቋ በኽምጣንጋ ነው፤ እኔም እሰማለሁ። ልጄ የሚወደው ቢጫ መስመር ነው፣ ቀዩን ከየት አመጣኸው አሉ።

ጋሽ ትእዛዙ አዩኝ። እኔ ዓይኔን መሬት ተከልሁ። ይቅር፣ እንዲሁ ያምራል ቢሉ ምን ነበረበት? እሳቸው ግን እንግዲህ እንላጠው አሉና የፍሬን ዘይቱን ጣሳ አቀረቡ።

አድሮ በማግስቱ እትዬ አገኘሁሽ ራሳቸው መጥተው በርሜል ላይ ተቀመጡ። የጥርስ ብሩሹን ከእጄ ተቀብለው የመስኮቶቹን ጥግ ጥግ እያሹ፣ ምስጋናው ድሬዳዋ ሳለ ይህን ባቡር አቅፎ ካልተኛ ያለቅስ እንደነበር አወሩን፤ የልጅ ልጅ ሲመጣ ማን ስም እንደሚያወጣም እየቀለዱ ተከራከሩ። ጋሽ ትእዛዙ ቦዲውን ያዙላቸው፣ ሲስቁም አብረው ሳቁ። ያን ሳቅ ሰምቼ መቆም ስላቃተኝ ወጥቼ ፀሐይ ላይ ቆምሁ። ተመልሼ ስገባ ሁለት ዓይነት ቢጫ አሳየኋቸው፤ አንዱ እንደ ሎሚ፣ አንዱ እንደ እንቁላል አስኳል ነው። አገላብጠው አይተው አስኳሉን መረጡ። ጋሽ ትእዛዙም ጥሩ መርጠሻል አሏቸው።

መንገዱ ተከፈተና ሰርካለም ገባች። ጎሕ ሲቀድ ሽማግሌዎቹ በር ላይ ተሰበሰቡ፤ እኔም ጎረቤት ነኝና አብሬ ቆምሁ። ቄስ ደሞዝ ተናገሩ። እትዬ አገኘሁሽ ወደቁ፤ ሴቶቹ ከሰርካለም ጋር አነሧቸው፣ ፊታቸውን እንዳይነጩ እጃቸውን ያዟቸው። ሰው ሁሉ ጮኸ። ጋሽ ትእዛዙ ግን ግድግዳ ተደግፈው ቆመው ቀሩ። ሊያለቅሱ ሞከሩ፣ ፊታቸውን በጋቢ ሸፈኑ፤ ሲገልጡት ደረቅ ነበር። ከኋላዬ አንዱ ሰውዬ፣ ይሄም አባት ተብሎ፣ አለ። ላንቀው ነበር።

ድንኳን ውስጥም እንደዚያው ነበሩ። ለቀስተኛ ሲገባ ይነሣሉ፣ ይቀመጣሉ፣ እንባ ግን የለም። እትዬ አገኘሁሽ ድምፃቸው ተዘግቶ እጃቸውን የባላቸው ጉልበት ላይ አድርገው ተቀምጠው ነበር። ቀና ብለው ለረጅም ጊዜ አዩዋቸው። እህል አልቀምስ ያሉበት ሰሞን ትዝ አላቸው መሰለኝ፣ ፊታቸው ተለወጠ።

«ቢጫውን ስመርጥ ታውቅ ነበር?» አሉ።

 ጋሽ ትእዛዙ ወደ እሳቸው ዞሩ።

«አውቅ ነበር» አሉ።

እትዬ አገኘሁሽ እጃቸውን ከባላቸው ጉልበት ላይ አነሡ። ሰርካለም እያለቀሰች ማን ነገረህ፣ ማን ነው የነገረህ ትላለች። ቄስ ደሞዝ ወደ እኔ ዞሩ። ከተቀመጥሁበት ብድግ አልሁ፤ እኔ ነኝ ልል አፌን ከፈትሁ። ጋሽ ትእዛዙ ዓይናቸውን ከእኔ ላይ ሳያነሡ፣ «ማንም አልነገረኝም» አሉ። ምዬላቸው ነበርና ተመልሼ ተቀመጥሁ። እትዬ አገኘሁሽ ከባላቸው አጠገብ ተነሥተው ሄደው ከሴቶቹ መካከል ተቀመጡ።